እናቴ ያለፈችበት አቧራ

በአማተር መኪና ነጂዎች ማኅበር አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተወዳዳሪዎቹ ፎቶግራፎች በየዓመቱ በተርታ ይሰቀሉ ነበር። በእያንዳንዱ ክፈፍ ውስጥ አንዲት መኪና የድንጋይ ካባውን መታጠፊያ ስትጠመዘዝ ትታያለች፤ ጎማዋ ጠጠር ይረጫል፣ መሪ የጨበጠው ሰው ቅንድብ እንኳ ጥርት ብሎ ይለያል። ከተርታው መካከል አንዱ ክፈፍ ብቻ ለብቻው ነበር። በውስጡ መኪና የለም። ባዶ መንገድ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ነጭ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ እንደ ደመና የተንጠለጠለ አቧራ፤ ይኸው ነው። ከሥሩ በተለጠፈችው ብጣሽ ወረቀት ላይ የእናቴ ስም ተጽፏል። ፎቶግራፉን ያነሳው አባቴ ነው። ሌሎቹንም ሁሉ ያነሳቸው እርሱ ነው።

«እመቤቴ፣ የእርስዎ መኪና መቼም ሌላ ናት፤ ካሜራም አይደርስባት» ይሏት ነበር ተወዳዳሪዎቹ በአዳራሹ በር ሲያገኟት። እናቴ ትስቃለች። በውድድሩ ከጎኗ ተቀምጣ መንገድ የምትነግራት አክስቴ ግን አትስቅም። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እኅት ናት፤ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሰው የሚለብሰውን ነገር ሰው ሳያየው ሲቀር እንደ ግፍ ትቆጥረዋለች።

«እኔስ ምን በደልኩህ?» አለችው አንድ ቀን፣ እኛ ቤት ተቀምጠን ሳለን። «ሚስትህን ባታነሳ እኅትህን አንሳ። ለዚያ ቀን ብዬ የሰፋሁት ኮፍያ አቧራ በልቶት ቀረ።»

«ኮፍያሽ አምሮብሽ ነበር» አላት አባቴ።

«አይተኸዋል ማለት ነው?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ያየኸውን ለምን አላነሳኸውም?»

አባቴ በጉልበቱ ላይ ያለውን የካሜራ ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውል ነበር፤ ቀድሞውኑ ንጹሕ የነበረውን።

ትምህርት ቤት ከገባሁ ብዙም ያልቆየሁበት ዘመን ነው። ፎቶ ቤቱ ከመኖሪያችን ፊት ለፊት ባለው ክፍል ነበር፤ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ደግሞ በወጥ ቤቱና በእኔ መኝታ መካከል የተሸጎጠ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተደፈነ ጠባብ ጓዳ ነው። እናቴ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን በሁለተኛው ፍሬን ላይ አሳርፋ፣ ሌላው የሚነዳውን ስትገታ ትውላለች። እንዲህ ያለች ሴት በዓመት አንድ ቀን እግሯን ልትለቅ ቢያምራት የሚፈርድባት ሊኖር አይገባም ነበር። አባቴም በበኩሉ ዓመቱን ሙሉ ሰዎችን ወንበር ላይ አስቀምጦ «አይንቀሳቀሱ» ሲል ይኖራል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያነሳበት ያው አንድ ቀን ነበር። ሁለቱም ያንን ቀን ይጠብቁታል። እኔ ግን እርስ በርሳቸው ተቃርነው የሚጠብቁት ይመስለኝ ነበር።

በልጅነት ሐሳቤ ውድድር ማለት ፈጥኖ መድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት በመጨረሻው የሰዓት መቆጣጠሪያ ጣቢያ አጠገብ ያየሁትን ነገር ለማንም ሳልነግር በሆዴ ይዤው ኖርኩ። እናቴ ከመድረሻው መስመር ጥቂት ወዲህ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር መኪናዋን አቁማ ተቀምጣ ነበር። ሞተሩ ይሠራል፣ አክስቴ ሰዓቷን ትመለከታለች፣ ሌሎች መኪኖች በአጠገባቸው ያልፋሉ። እናቴ የፈራች መሰለኝ። ያ ውድድር በአብዛኛው ጊዜን የመጠበቅ ውድድር እንደነበረ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ለየመንገዱ የተቆረጠ ሰዓት አለ፤ ቀድሞ መድረስም እንደ መዘግየት ያስቀጣል። በፍጥነት ብቻ የሚለካው ከካባው ኮረብታ ጫፍ እስከ መታጠፊያው ያለው ቁልቁለት ነበር። ከዛፉ ጥላ ሥር የቆመችው ሰዓቷ እስኪደርስ ነው፤ በዚያ ቀንም ዋንጫ ይዛ ወደ ቤት ገብታለች። እኔ ዋንጫውን የተመለከትሁት ለማጽናኛ እንደ ተሰጠ ዕቃ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጨለማው ክፍል በር አጠገብ ወለል ላይ ተቀምጬ አሻንጉሊቴን ሳለብስ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«እንደገና አቧራ?» አለች እናቴ።

«እንደገና።»

«ትንሽ እንኳ አታምነኝም ማለት ነው?»

«አምንሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«እጄ ነው እምቢ ያለኝ» አለ አባቴ።

 ቀጥሎም ከእናቴ ደረት የሚወጣ፣ የታፈነና የተቆራረጠ ድምፅ መጣ። ልቅሶ ነው ብዬ ወሰንሁ፤ አሻንጉሊቴን ጥዬ ወደ መኝታዬ ሄድሁ።

የሰማሁትን የተረጎመችልኝ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ ተርጉሚልኝ ሳልላት። እናቴ ሥራ ላይ ስትሆን ትምህርት ቤት ስለቅ ከእርሷ ዘንድ እቆይ ነበር። የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች ስለ አባቴ ስታወራ፣ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ የወዳደቁ ማሲያዣዎችን እለቅም ነበር።

«ሰውየው እኮ ማንሳት ጠፍቶት አይደለም» አለች። «በሌላው ሰው ሚስት አፍንጫ ላይ ያለች ጠቃጠቆ ሳትቀር ያነሳል። ወደ ራሱ ሚስት ሲደርስ አቧራ!»

«ቅናት ነዋ» አለች ተቀማጯ። «ሚስቴ መሪ ጨብጣ ሰው አይይብኝ ነው። እኔ ያንን ፀባይ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ።»

«ቀስ በይ፣ ልጅቷ አለች።»

«ኤዲያ፣ ልጅ ምን ያውቃል።»

እውነቷን ነው፤ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ሰምቻለሁ፤ የሰማሁትንም በጨለማው ክፍል በር ከሰማሁት ጋር አጋጠምሁት፤ ልክክ አለልኝ። አባቴ እናቴ ስትነዳ እንድትታይ አይፈልግም። እጁ እምቢ የሚለውም ስለዚህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ ሲቃረብ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ ፎቶ ቤታችን መጣ። ሊቀ መንበሩ ጥርስ ሐኪም ነበር፤ እጅግ ያማሩ ጥርሶች ነበሩትና በሳቀ ቁጥር ሥራውን የሚያስተዋውቅ ይመስላል። አባቴ ለደንበኞች ያዘጋጀውን ከፍ ያለ ወንበር ሰጠው፤ እርሱም ሊነሳ እንደመጣ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ሥራዎ ድንቅ ነው» አለው። «ሳሎኔ ውስጥ የሰቀልኩት የእርስዎን ፎቶ ነው። ነገር ግን አባላቱ እያጉረመረሙ ነው። የአንዲት ተወዳዳሪ ፎቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጎድል…»

«ሦስት» አለ አባቴ።

«ይኸው፣ እርስዎም ያውቁታል። ዘንድሮም ባዶ መንገድ ካመጡልን መታጠፊያውን ለሌላ ፎቶ አንሺ መስጠታችን ነው። ቂም እንዳይዙብኝ።»

«ቂም የለኝም፣ ዶክተር። እውነትዎን ነው።»

«ግን ችግሩ ምንድን ነው? ዐይንዎ ነው?»

«ዐይኔ ደኅና ነው» አለ አባቴ። ቀጥሎም «ደኅና መሆኑ ነው ችግሩ» አለ።

ጥርስ ሐኪሙ እንደ ቀልድ ቆጥሮት ሳቀ። አባቴም ለአክብሮት ያህል ፈገግ አለ። እንግዳው ከወጣ በኋላ ግን በዚያው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ፤ ካሜራው ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ማንም የማያነሳው ሰው ሆኖ፣ ብዙ ቆየ። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አሰብሁ። ወይ እናቴን ያነሳታል፣ ወይ መታጠፊያውን ያጣል። ሊያነሳት አይፈልግም፤ መታጠፊያውንም ሊያጣ አይፈልግም። እንግዲህ የቀረው እናቴ እንዳትነዳ ማድረግ ነው። የልጅ ልቡና አንድ ጊዜ መንገድ ከያዘ እስከ ገደሉ ድረስ ሳይመለስ ይሄዳል።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ አባቴ ወደ ጓሮ ጠራኝ። ከመሬት ላይ ነጭ ድንጋይ አስቀምጦ ነበር፤ የካሜራውን ማንገቻ በአንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ካሜራው ከበደኝ፤ አንገቴ ወደ ፊት ዘመም አለ።

«ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ» አለኝ። «ትንፋሽሽን ያዢ። ድንጋዩን ብቻ ተመልከቺ፤ መኪናውን አትከተዪ፤ መኪናው ራሱ ይመጣልሻል።»

«መኪናው የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

ባልዲ በሁለት እጁ እንደ መሪ ይዞ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ከዚያም በከንፈሩ የሞተር ድምፅ እያሰማ እየሮጠ መጣ። ጎረቤት ቢያየው ምን ይል እንደነበር እንጃ። እኔ ከመሳቄ የተነሣ ዘገየሁ።

«አሁን ያነሳሽው ጀርባዬን ነው» አለኝ እያለከለከ። «ከደረስሁ በኋላ አይደለም፤ ስደርስ ነው። እንደገና።»

ደግሞ መጣ፤ እግሩ ድንጋዩን ሲነካ ተጫንሁ። በመመልከቻው ውስጥ ሁሉም ነገር ጨለመ፤ አባቴም ጓሮውም ጠፉ። ደንግጬ ካሜራውን ከዐይኔ አወረድሁት።

«አባዬ፣ ጠፋህብኝ!»

«አትደንግጪ፤ አልተበላሸም።» አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «በውስጡ ትንሽ መስታወት አለች። አንቺ የምታዪው በእርሷ ነው። ስትጫኚ መስታወቷ ለፊልሙ መንገድ ለመልቀቅ ብድግ ትላለች፤ ያን ጊዜ ላንቺ ይጨልምብሻል። ወዲያው ትመለሳለች።»

«ሲጨልም መኪናው ምን ይሆናል?»

«ፊልሙ ያየዋል።»

«አንተስ?»

«እኔ አላየውም» አለኝ። «ፎቶ አንሺ ያነሳትን ቅጽበት አያያትም። ከእርሷ በፊት ያለውን ያያል፣ ከእርሷ በኋላ ያለውን ያያል።»

«ታዲያ በመካከሉ የሆነውን በምን ታውቃለህ?»

አባቴ ባልዲውን አንሥቶ ቆመ። «ሳጥበው አውቀዋለሁ» አለኝ፤ ፊቱ ግን ከቀልዱ ወጥቶ ነበር። ከዚያም እንደገና ሊሮጥ ወደ አጥሩ ሄደ።

ይህ ሁሉ ትምህርት ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

በውድድሩ ቀን ማለዳ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ በመስኮት ተመለከትሁ። የእናቴ መኪና በሩ ላይ የውድድር ቁጥር ተለጥፎበት ጓሮ ቆሟል። አባቴ በፊተኛው ጎማ አጠገብ ተንበርክኮ፣ የጎማ መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሰውነቱ ክብደት ይገፋዋል። አንዱን ብሎን ጨርሶ ወደ ሌላው ያልፋል፤ አንድ ጎማ ጨርሶ ወደ ሌላው ያልፋል። በየመካከሉ ቀና ብሎ እንደ ሌባ የቤቱን በር ያያል። እጄ ላይ ያለው ብርጭቆ ቀዘቀዘኝ። የሚፈታው መሰለኝ።

ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታና በየት በኩል እንደሚጠብቅ ዛሬ ማንም ልጅ ያውቀዋል። እኔ ያን ጊዜ እጁ ወዴት እንደሚዞር አልተመለከትሁም፤ ፊቱን ብቻ ነው ያየሁት። ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት ነበር። ፍርሃትና በደል ለልጅ መልካቸው አንድ ነው።

ለእናቴ ነገርኋት። አክስቴ ኮፍያዋን በመስታወት ፊት ስታስተካክል፣ እናቴ ጓንቷን ስታጠልቅ፣ ቀሚሷን ያዝሁና «እማዬ፣ አባዬ ጎማሽን ነካክቶታል» አልኋት በሹክሹክታ።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። «እንግዲያው በሰላም እንገባለን» አለች።

ነገሩን አልተረዳችውም ብዬ አዘንሁላት።

ካባው ከከተማው ወጣ ብሎ ነበር። ድንጋይ ሲወጣበት የኖረው የኮረብታው ጎን እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተገምጦ ይታያል፤ መንገዱ ከጫፉ ጀምሮ እየተምዘገዘገ ወርዶ፣ ከታች በግምጡ ጥግ ሲደርስ ድንገት ወደ ግራ ይሰበራል። በውጭ በኩል ያለው ገደል ረጅም አልነበረም፤ በቂ ነበር እንጂ። አባቴ ነጩን ድንጋይ ከመታጠፊያው ውስጠኛ ዳር አኖረ፤ ከገመዱ ኋላ ተመልሶ ሌንሱን በድንጋዩ ላይ አስተካከለ። ባንዲራ የያዘው ሰው ከኮረብታው የሚመጣውን መኪና ቁጥር እየጠራ ያስታውቃል።

መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። አባቴ በመታጠፊያው ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ክርኑን ከጎኑ ያጣብቃል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጎማው ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ይጫናል፣ ፊልሙን ያዞራል። ያለፈውን መኪና ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። የአንዱ ጭራ ወደ ገደሉ ሲንሸራተት ሰዎች ጮኹ፤ እርሱ ፊልሙን እያዞረ ነበር። ጥርስ ሐኪሙም በቀይ መኪናው አለፈ፤ ጥርሱ በመስኮት ታየኝ። አባቴ አነሳው፤ ፊልሙን አዞረ።

ከዚያ ባንዲራ ያዡ የእናቴን ቁጥር ጠራ።

አባቴ ካሜራውን ከአንገቱ አወጣና ወደ እኔ ዞረ። «ነይ» አለኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። አስተካክዬዋለሁ፤ ሌላ ምንም አትንኪ። መጫን ብቻ።»

«አንተስ የት ልትሆን ነው?»

«እዚሁ ነኝ።»

እዚያው አልሆነም። በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ወደ ድንጋዩ ወደ ፊት ሄደ።

«ሰውዬ፣ ወደ ኋላ» አለው ባንዲራ ያዡ።

«እሺ» አለ አባቴ፤ ከቆመበት ግን አልተነቃነቀም።

የጎማውን መውለቅ በቅርብ ሊያይ የሄደ መሰለኝ። ካሜራውን ከዐይኔ ጋር አጣብቄ የማውቃትን ጸሎት ሁሉ፣ የምግብንም የመኝታንም ሳልለይ፣ አከታትዬ አልሁ። የሞተሩ ድምፅ ከላይ ተሰማ። እናቴ ማርሽ ስትቀይር ድምፁ ዝቅ ብሎ እንደገና ይነሳል፤ አባቴ ድምፁን ለይቶት ትከሻው ከፍ ሲል አየሁ። መኪናዋ ከላይ ካለው ኩርባ ብቅ አለች። በጎኗ እየመጣች ነበር፤ አፍንጫዋ ወደ እኛ፣ ጎማዎቿ ወደ ገደሉ። ድንጋዩን ብቻ ተመልከቺ ያለኝን አሰብሁ። ድንጋዩን ተመለከትሁ። ጥቁር ጎማ ድንጋዩን ሸፈነው።

ተጫንሁ። ጨለመ።

ያቺ ጨለማ የዐይን ጥቅሻ ታህል እንደነበረች አውቃለሁ። ነገር ግን በውስጧ ሆኜ እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር። ብርሃኑ ሲመለስ መንገዱ ባዶ ነበር፤ አቧራው እንደ ደመና ተንጠልጥሏል፤ በትክክል በአዳራሹ ክፈፍ ውስጥ እንዳለው። የሞተሩ ድምፅ ከታች፣ ከሜዳው በኩል፣ እየራቀ ደኅና ይሄዳል።

አባቴ ከአቧራው ውስጥ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ዐይኖቹ ረጥበው ነበር፤ አቧራው ነው ብዬ አሰብሁ።

«አነሳሻት?»

«አላውቅም» አልሁት። «ጨለመብኝ።»

አባቴ ሳቀ፤ ጭንቅላቴን ወደ ሆዱ አስጠግቶ እስኪጨርስ ሳቀ። «እኔ አየኋት» አለ። «ከላይ ከኩርባው ጀምሮ እስክትወጣ ድረስ። ሳትቋረጥብኝ አየኋት።»

በዚያ ዓመት እናቴና አክስቴ ዋንጫ አላገኙም። አክስቴ ሰዓቷ ፈጥኖባት አንድ መቆጣጠሪያ ላይ ቀድመው ገቡ፤ እስክትሞት ድረስ ጥፋቱን በሰዓት ሠሪው ላይ ስታሳብብ ኖራለች።

በማግሥቱ አባቴ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባኝ። በቀዩ አምፖል ሥር ነጩን ወረቀት በማጠቢያው ሳህን ውስጥ አጠለቀውና ሳህኑን እንደ ሕፃን አልጋ ቀስ እያለ ያወዛውዘው ጀመር። በመጀመሪያ ድንጋዩ መጣ። ቀጥሎ ጎማው፣ ከዚያ በሩና ቁጥሩ፣ ከዚያ የአክስቴ ኮፍያ፣ ከዚያም በመስኮቱ ውስጥ ከንፈሯን ነክሳ እናቴ። ፎቶው ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም ነገር ነበረበት። በደስታ ልዘልል ስል በግራው ዳር ሌላ ነገር ጠቆረ። ትከሻ፣ አንገት፣ ፊት። አባቴ ነው። መኪናውን ተከትሎ ፊቱን ወደ እኛ እያዞረ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ሁለት እጆቹ ባዶ፣ የፎቶውን ጠርዝ ሞልቶ ቆሟል።

«አባዬ፣ አበላሸኸው» አልሁት።

«አበላሸሁት» አለ።

እናቴ ገብታ ከኋላችን ቆመች። ራሷን አላየችም፤ ኮፍያውንም አላየችም። የሳህኑን ግራ ዳር አየች። ከዚያም በጨለማው ክፍል በር የሰማሁት ያ የታፈነ ድምፅ ከደረቷ ወጣ፤ በቀዩ ብርሃን ቀና ብዬ ባየኋት ጊዜ እየሳቀች እንደሆነ አየሁ፤ ጉንጯ ግን ርጥብ ነበር። የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝና ተውሁት።

ጥርስ ሐኪሙ ፎቶውን ባየ ጊዜ እጅግ ደስ አለው። «ይኸዋ! ከዳር ያለውን ሰው ቆርጠን እንሰቅለዋለን» አለ።

«እሱ ከተቆረጠ እኔም አልሰቀልም» አለች እናቴ።

እንዳለ ተሰቀለ። መታጠፊያውም ለአባቴ ቀረለት። ከዚያ በኋላ እናቴ መወዳደር እስክታቆም ድረስ በየዓመቱ ቁጥሯ ሲጠራ ካሜራው ወደ እኔ አንገት ይሸጋገር ነበር፤ አባቴ በገመዱ ሥር ይወጣ ነበር፤ ባንዲራ ያዡም «ሰውዬ፣ ወደ ኋላ» ይለው ነበር፤ እርሱም «እሺ» ይል ነበር። አባቴ እናቴን ለማንሳት የማይፈልግ ሰው እንደነበረ ግን ብዙ ዓመት አመንሁ። ሥራውን ለልጅ የሰጠው ንቆት ነው ብዬ።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ክረምት ነው። ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ ስንፈልግ ፎቶ አንሺው የራሱ ፎቶ እንደሌለው ተገነዘብን፤ ዕድሜውን ሙሉ ከካሜራው ኋላ ነበር። ፊቱ የሚታይበት ያ ያጋደለው ብቻ ነው፤ በኋላ ባነሳኋቸው ላይ የሚታየው ጀርባው ነው። እናቴን ይዤ በመንደራችን ወዳለ ፎቶ ቤት ሄድሁ። ጨለማ ክፍል የሚባል ነገር በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ወጣት ፎቶውን በኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አሰፋው።

«ቀላል ነው፣ እማማ» አላት። «መኪናዋን አጠፋታለሁ፤ ሰውየውን ብቻ አስቀራለሁ። ከኋላው ሰማይ አደርግለታለሁ።»

እናቴ ከዘራዋን ወለሉ ላይ አስተካክላ ተከለች። «የኔ ልጅ» አለችው፣ «ምን እያየ እንደሆነ ካልታየ፣ እሱ አይደለም።»

ወጣቱ እኔን ተመለከተኝ፤ እኔ እናቴን ተመለከትሁ። «እማዬ» አልኋት፣ «በዚያን ዘመን አንቺን ማንሳት እምቢ ይል የነበረው ለምንድን ነው?»

«እምቢ መቼ አለ?» አለች እየተገረመች። «ድንጋዩ ጋ ስደርስ መጫን ነበረበት። ከተጫነ ደግሞ አያየኝም። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ብሆን ሳያየኝ ልሆን ነው። እስካልፍ ድረስ ያይና፣ ካለፍሁ በኋላ ይጫናል። ለዚህ ነው አቧራው።» ወደ ፎቶው ዞረች። «እነዚያን ሁሉ ሰዎች አነሳቸው እንጂ አላያቸውም። እኔን ግን አንድም ጊዜ ሳያየኝ አላለፍሁም።»

«በጨለማው ክፍል ውስጥ ስታለቅሺ ሰምቼሽ ነበር።»

«ስስቅ ይሆናል» አለች። «ሳቄን ከልቅሶዬ መለየት የሚችል በዚያ ቤት አባትሽ ብቻ ነበር።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞርሁ። የአባቴ ፊት ሰፍቶ ስክሪኑን ሞልቷል። ያ የተከፈተ አፍ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጮኾ መንገድ የሚነግራት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን የከንፈሩን አከፋፈት አወቅሁት፤ እኔም ልጆቼን መንገድ በሸኘሁ ቁጥር ከንፈሬ እንደዚያ ይከፈታል፤ የምለውንም ከእግዚአብሔር በቀር የሚሰማው የለም። «እንዳለ አትመው» አልሁት ወጣቱን።

በቀብሩ ቀን ፎቶው ከሣጥኑ ፊት ተያዘ። ያጋደለ መንገድ፣ በጎኗ የምትንሸራተት አሮጌ መኪና፣ ኮፍያ ያደረገች ሴት፣ ከንፈሯን የነከሰች ሌላ ሴት። ለቀስተኞቹ ግራ ገባቸው፤ በሹክሹክታ ይጠያየቁ ጀመር። ከእነርሱም አንዱ ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ እማማ፣ ሟቹ የትኛው ናቸው?» አላት።

እናቴ የከዘራዋን ጫፍ አንሥታ ወደ ፎቶው ዳር ጠቆመች።

«ያ» አለች። «የሚያየው።»